ልጆች ለገና የሚጽፏቸው ደብዳቤዎችና መልሶቻቸው

ልጆች በገና ሰሞን ደብዳቤ ጽፈው መልስ የመጠበቃቸው ነገር በውጭው ዓለም የቆየ ልማድ ነው። በኦስትሪያ፣ በስቴየር ከተማ አጠገብ፣ ስሟ «ሕፃኑ ክርስቶስ» ማለት የሆነው የክሪስትኪንድል መንደር እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ለገና ልዩ ፖስታ ቤት አላት። በጀርመንም ኤንግልስኪርሸን በምትባለው ከተማ በሕፃኑ ክርስቶስ ስም የሚላኩ የልጆች ደብዳቤዎች መልስ ያገኛሉ። የልጆችን ስጦታ ከቅዱስ ኒኮላስ ቀን ወደ ጌታ ልደት ያዞረው ማርቲን ሉተር እንደ ሆነ ይነገራል፤ የሚገርመው ግን ዛሬ ይህን ልማድ ይበልጥ የያዙት የካቶሊክ አካባቢዎች መሆናቸው ነው።

በአገራችን ብዙ ልጆች ለገና የሚጽፉት ለሚረዳቸው ሰው ነው። ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካዊው ወንጌላዊ ኤቨረት ስዋንሰን ለኮሪያ ወላጅ አልባ ሕፃናት የተጀመረ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የሚሠራው ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በመሆኑ ልጁ ደብዳቤውን የሚጽፈው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ገና ፊደል ያልለየው ደግሞ ሥዕል ይሥላል፣ አገልጋዩም የሚለውን ይጽፍለታል። ከዚያ ደብዳቤው ይታያል፣ ይተረጎማል፣ ባሕር ይሻገራል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። አድራሻ በቀጥታ መለዋወጥ አይፈቀድም፤ ይህም ለልጁ ጥበቃ ነው።

እንግዲህ በዋጫ ወይም በቦንጋ ያለ፣ ቤቱ በካፊ ኖኖ የሚናገር ልጅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢጽፍ ሐሳቡ ምን ያህል ቋንቋ እንደሚያቋርጥ ያስቡት። በካፊ ኖኖ ያሰበውን በአማርኛ ይጽፋል፣ ደብዳቤው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። «እናቴ ቡና ትለቅማለች» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ግን ሳይበላሽ ይደርሳል። ስለዚህ ልጆችን የምታስጽፉ አገልጋዮች፣ የተዘጋጀ ምስጋና በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አታስገልብጧቸው። ሃያ ልጆች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ሲልኩ ተቀባዩ ልጁን ሊያውቀው አይችልም።

የቀኑም ነገር አለ። የምዕራባውያን ገና ታኅሣሥ 16 ሲውል የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው (በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ይቀድማል)። ደብዳቤ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በመስከረም መጀመር ይሻላል።

አሁን ከባዱን ነገር እናንሳ። ደጋፊው ገንዘቡን በየወሩ እየላከ አንድም ቀን የማይጽፍለት ልጅ አለ። ለገና በዓል ስጦታ የሚዋጣው ገንዘብ ለሁሉም ስለሚከፋፈል እርሱም ስጦታውን ያገኛል፤ ደብዳቤ ግን አይከፋፈልም። ጓደኛው የመጣለትን ፎቶግራፍ ሲያሳይ እርሱ ዳር ቆሞ ያያል። ወላጆች፣ «ረስተውህ ነው» አትበሉት፤ «አንተ ምን አጥፍተህ ነው?» ደግሞ ፈጽሞ አትበሉት። ምክንያቱን በማታውቁት ነገር ልጁን አታስጨንቁት።

እርስዎስ? በአጥቢያዎ የሰንበት ትምህርት ቤት ስም የሚያውቁት ልጅ ካለ፣ ለዚህ ገና አንድ ገጽ ይጻፉለት። ስሙን ከላይ ያድርጉ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፣ ሲመልስልዎም ዳግመኛ ይጻፉለት። ለዚህ ተርጓሚም ቴምብርም አያስፈልግም።