ሻማ ለመያዝ እንኳ የማይበቃ

«ሆልድ ኤ ካንድል ቱ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በቁሙ ሻማ መያዝ ማለት ነው፤ የሚነገረው ግን በአብዛኛው በአሉታ ነው። አንድ ሰው ወይም ሥራ ከሌላው ጋር ለንጽጽር እንኳ እንደማይቀርብ ይገልጻል። መነሻው የኤሌክትሪክ መብራት ያልነበረበት ዘመን ነው። ያኔ ባለሙያው በጨለማ ሲሠራ ሻማ ይዞ የሚያበራለት ረዳት ወይም አሽከር ነበር። ይህ ሙያ የማይጠይቅ ዝቅተኛ ሥራ ስለነበር፣ ለእሱም የማይበቃ ሰው ከጌታው ጋር በችሎታ ሊተካከል ከቶ አይችልም። ፈሊጡ የአንዱን ብልጫ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ማነስ አጉልቶ ስለሚናገር፣ ፊት ለፊት ሲባል ክፉኛ ይጎዳል።

«ፕሌይ ሰከንድ ፊድል» የሚለው ሌላ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ግን ለዘብ ይላል። ሁለተኛውን ቫዮሊን መጫወት ማለት ሲሆን፣ የሚያመለክተው ተከታይነትን እንጂ አለመብቃትን አይደለም፤ በኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫዋቾችም የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው።