የተመዘገበ ቦታ ዕድሜ፤ ከብሩስ ማስታወሻ እስከ አዳኙ ጂፒኤስ

አዳኝ ወደ ዱር ሲወጣ ከጠመንጃውና ከስንቁ ጋር ይዞት የሚሄድ አንድ የማይመዘን ንብረት አለው፤ ይኸውም ከዚህ ቀደም በረገጣቸው ቦታዎች ያከማቸው ዕውቀት ነው። በበጋ የማይነጥፈው ምንጭ፣ ጎሽ የሚሻገርበት መልካ፣ መኪና ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ጥርጊያ፣ አምና የተሰፈረበት ሜዳ ሁሉ ከዚህ ይቈጠራል። ይህ ዕውቀት ለብዙ ዘመን በሰው አእምሮ ብቻ ሲጠበቅ ኖሮ በኋላ ወደ ማስታወሻ ደብተር፣ ከደብተርም ወደ ካርታ፣ በመጨረሻም በእጅ ወደሚያዘው የጂፒኤስ መሣሪያ ተሸጋግሯል። ስለ መሣሪያዎቹ ትክክለኛነት ብዙ ተጽፏል። አንድ ነጥብ ከተመዘገበ በኋላ ስለሚገጥመው ዕጣ ግን የተባለው ጥቂት ነው። የነገሩን ታሪክ ለተመለከተ ሰው የተመዘገበ ቦታ ጠላቱ የልኬት ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የከፉ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው መዝገቡ በአንድ ዕቃ ብቻ መቀመጡ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቍጥሩ ከማብራሪያው መለየቱ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያው አደጋ ከጄምስ ብሩስ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ይህ የስኮትላንድ ሰው በ1769 በምፅዋ በኩል ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ግሽ ዓባይን ተመለከተ። በየደረሰበት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ በኳድራንት እየለካ የቦታዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይመዘግብ ነበር። በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ ግብፅ ሲመለስ የኑብያን በረሃ መሻገር ነበረበት። በበረሃው መካከል ግመሎቹ አለቁ። የሰዎቹን ነፍስ ለማዳን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ብሩስ ኳድራንቱን፣ የሩቅ ማሳያ መነጽሮቹንና የብዙ ዓመት ማስታወሻዎቹን በአሸዋው ላይ ጥሎ በእግሩ ተጓዘ። ኅዳር 29 ቀን 1772 አስዋን ገባ።

በዚያች ሰዓት ብሩስ በሕይወት የተረፈ መንገደኛ እንጂ የግሽ ዓባይን ቦታ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ማስረጃው በሙሉ በአንድ ክምር፣ ቅጂ ሳይኖረው፣ ከኋላው በበረሃ ቀርቷል። በጎንደር አብሮት ይሥል የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒም አስቀድሞ ስለ ሞተ፣ አየሁ የሚለውን የሚያጸናለት ሰው አልነበረውም። ብሩስ ከአስዋን ገዥ ግመል ተቀብሎ ወደ በረሃው ተመለሰና ዕቃውን እንዳለ አገኘው። ማንም ሳይነካው መቈየቱ ዕድል እንጂ የአያያዙ ውጤት አልነበረም። በለንደን ብዙዎች ታሪኩን እንደ ተረት ቈጥረው ሲሣለቁበት፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ሊከራከር የቻለው እነዚያ ወረቀቶች ስለ ተረፉለት ነው። ዕቃው ባይገኝ ኖሮ የግሽ ዓባይ ምንጭ በቦታው እንደሚኖር አያጠራጥርም፤ የብሩስ ልኬት ግን አይኖርም ነበር።

ከሰማንያ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ አደጋ ከኢትዮጵያ ርቆ በአንጎላ በነበረው በዴቪድ ሊቪንግስተን ላይ ደረሰ። ሊቪንግስተን በ1854 ከአህጉሩ ውስጥ ተነሥቶ ሉዋንዳ በደረሰ ጊዜ ደብዳቤዎቹን፣ ማስታወሻዎቹንና ካርታውን ፎረራነር በተባለች የፖስታ መርከብ ወደ እንግሊዝ ላከ። መርከቢቱ በማዴይራ ደሴት አጠገብ ሰጠመች። ወሬው የደረሰው ወደ አህጉሩ ውስጥ ጕዞውን ከጀመረ በኋላ፣ ፑንጎ አንዶንጎ በተባለች ቦታ ነበር። እዚያው ተቀምጦ የጠፋውን እንደ ገና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጻፈ። እንደ ገና ለመጻፍ የቻለው ጕዞው ገና ትኵስ ስለነበረና በልቡ ስለያዘው ነው። ከዚህም ሌላ ሊቪንግስተን የሰማይ ልኬቶቹን በኬፕ ለሚገኘው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቶማስ ማክሊር እየላከ ያስመረምር ነበር። ይህ ልማዱ ስሕተትን ከማረም ያለፈ ጥቅም እንደ ነበረው ልብ ማለት ይገባል፤ ቍጥሮቹ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ሌላ መኖሪያ አገኙ።

ሁለተኛውን አደጋ፣ ማለትም የቍጥርን ከማብራሪያው መለየት፣ ከማንም ይልቅ የተረዳው አንቷን ዳባዲ ነበር። ይህ ሰው አዳኝ አልነበረም። ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ከተራራ ተራራ እየወጣ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ በቴዎዶላይት ይለካ ነበር። ፈጣን ጂኦዴሲ ብሎ የሰየመው ዘዴ ጥንካሬው ከአንድ ልኬት ጥራት አልመጣም። ያው ተራራ ከብዙ ቦታ ስለሚታይ፣ አንዱ ልኬት ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይተኩታል። የቦታዎችን ስም በነዋሪው አጠራር መሠረት ለመጻፍም ብዙ ደክሟል። በ1873 ከሮዶልፍ ራዶ ጋር ሥራውን ሲያሳትም የመጨረሻውን ውጤት ብቻ አላቀረበም፤ ሌላ ሰው እንደ ገና ሊያሰላው እንዲችል ልኬቶቹን ጭምር አወጣ። የዳባዲ ነጥቦች ከባለቤታቸው በኋላ መኖር የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አዳኞቹ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉትም ሌላ ነበር። ሳሙኤል ቤከር በ1861 ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር ወደ አትባራ ወጥቶ አንድ ዓመት ያህል በተከዜ፣ በአንገረብና በአጎራባች ወንዞች ሲያድን ቈየ። የግብፅን ምድር የሚያለማው ደለል ከኢትዮጵያ ወንዞች እንደሚመጣ የተገነዘበው በዚህ የአደን ጕዞ ነው። በ1867 ያሳተመው መጽሐፍ የመንገድ መግለጫና የአደን ትረካ የተቀላቀሉበት ነው። መንገዱን ያሳዩት ግን የሐምራን ዐረቦች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ዝሆንን በፈረስ አሳድደው የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ በመቍረጥ የሚጥሉ ዝነኛ አዳኞች ናቸው። አውሬው ውኃ የሚወርድበትን ስፍራ የሚያውቁት በቍጥር አልነበረም። ቅጂውም ልጅ ከአባቱ ጋር አብሮ ሲወጣ የሚወርሰው ነበር። የጽሑፍን ዘዴ ለሚያደንቅ ሰው ይህ ኋላ ቀር ይመስለው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አንድ ዕውቀት በአሥር ሰው አእምሮ መኖሩ በአንድ ሣጥን ከመኖሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት አዳኞች ቦታን በአንድ ሐረግ ብቻ ይመዘግቡ ነበር። ለምሳሌ የደጋ አጋዘንን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1908 አይቮር በክስተን የገደለው ነው። በ1910 ሪቻርድ ላይዴከር እንስሳውን ሲገልጽ ቦታውን ያመለከተው ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ባሉ ተራሮች ብሎ ነበር። በዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ የአንድ ታላቅ እንስሳ የመጀመሪያ አድራሻ ይህን ያህል ነው። ለዘመኑ ይበቃ ነበር። ዛሬ በዚያው ቦታ እንስሳው አለ ወይስ የለም ብሎ ለሚመረምር ባለሙያ ግን ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ግምት ነው።

በኢትዮጵያ የቦታ ቍጥር ለማንኛውም ተጠቃሚ የተዘረጋ የጋራ መሠረት ያገኘው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። በዓባይ ሸለቆ ጥናት ምክንያት የአሜሪካ የጠረፍና የጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የቅየሳ መረቡን ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ዘረጋ። የመረቡ መነሻ አዲንዳን ይባላል። አዲንዳን በኑብያ፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ የነበረ ስፍራ ነው፤ ብሩስ ወረቀቶቹን ከጣለበት በረሃ እምብዛም አይርቅም። በኋላ የታተሙት የኢትዮጵያ የ1፡50,000 ካርታዎች በዚህ ዳተም ላይ ተመሥርተዋል። ስለዚህ አንድ አዳኝ ከካርታው ላይ የሚያነበው ቍጥር የአዲንዳን ቍጥር ነው።

የጂፒኤስ ቍጥር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ተላከ፤ በ1989 ማጄላን የተባለው ኩባንያ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ሥርዓቱ ሙሉ አገልግሎት መስጠት መጀመሩ የተገለጠው በ1995 ነው። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለ ዳተም ነው። በኢትዮጵያ ምድር የአንድ ቦታ የዩቲኤም ቍጥር በሁለቱ ዳተሞች ሲነበብ ወደ ምሥራቅ መቶ ሜትር ያህል፣ ወደ ሰሜን ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይለያያል። ለገላጣ ሜዳ ይህ ምንም አይደለም። በባሌ አስታ ጫካ ውስጥ፣ በምሽት፣ የቈሰለ እንስሳ የወደቀበትን ወይም እግሩ የተሰበረ ጓደኛ የተቀመጠበትን ቦታ ለሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ሸለቆ ማለት ነው። የአደን ክልል ወሰን በሆነ ሸንተረር ላይም ልዩነቱ ሕጋዊን ከሕገ ወጥ ይለያል። በደብተር ላይ ሁለቱ ቍጥሮች ፈጽሞ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ጥፋቱ የሚሸሸገውም በዚህ ነው።

የተመዘገበበት ቀንም ከቍጥሩ ሊለይ አይገባም። እስከ ሜይ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር ነጥቡ እስከ መቶ ሜትር ሊርቅ ይችል ነበር። እንግዲህ በ1998 የተያዘ ምንጭና በ2001 የተያዘ ምንጭ በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ቢሰፍሩም እኩል አይታመኑም። ቀኑን የሚጽፈው መሣሪያ ራሱም አይታመንም። የጂፒኤስ የሳምንት ቈጣሪ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳልና በኦገስት 1999 እና በኤፕሪል 2019 አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች የብዙ ዓመት ስሕተት ያለበት ቀን ማሳየት ጀመሩ።

የአያያዙ ነገር በ1990ዎቹ መሣሪያዎች ላይ በተለይ ጎልቶ ይታያል። በአዳኞች ዘንድ የተለመደው ጋርሚን 12 የሚይዘው 500 ነጥብ ሲሆን ለእያንዳንዱ ስም የሚፈቅደው ስድስት ፊደል ብቻ ነበር። ባለቤቱ ስም ካልሰጠ መሣሪያው ራሱ 001፣ 002 እያለ ይቀጥላል። የወቅቱ አደን ሲያበቃ 047 ምንጭ ይሁን የድንኳን ስፍራ የሚያስታውሰው የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ለጥቂት ወራት። ማኅደሩ ሲሞላ ለአዲሱ ቦታ ለማበጀት አሮጌው ይሰረዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰረዘውም ስም የሌለው ነው። ከዚህም በላይ ማኅደሩን የሚያቈየው በውስጡ ያለ ትንሽ ባትሪ ነበርና፣ መሣሪያው ለዓመታት በመሳቢያ ተቀምጦ ባትሪው ሲያረጅ የነጥቦቹ ስብስብ አብሮ ይጠፋል። ከብሩስ ሣጥን የሚለየው ተመልሶ የሚፈለግበት በረሃ እንኳ አለመኖሩ ነው።

መድኃኒቱ ከመሣሪያው ጋር የተወለደ ነው ለማለት ይቻላል፤ በገመድ ከኮምፒዩተር ማገናኘት ከመጀመሪያው ይቻል ነበር። ያስቸገረው እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን የፋይል ዓይነት መጠቀሙ ነበር። በ2002 የወጣው ጂፒኤክስ የተባለው ክፍት አሠራር ይህን ችግር በብዙው አቃለለ። ጂፒኤክስ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል፤ ዳተሙ ምንጊዜም ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው፤ ስም፣ ቀን፣ ከፍታና ማብራሪያ የሚሰፍሩበት ቦታም አለው። ዳባዲ በደብተሩ ያደርገው የነበረው ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ተጠቃሚው ከሞላው ማለት ነው። ባዶ የተተወ የማብራሪያ ቦታ ያለው ፋይል ግን መቶ ጊዜ ቢቀዳ ያው 047ን መቶ ጊዜ መቅዳት ነው። ዛሬ ነጥቦች በስልክ ሲያዙ ብዙዎች ከሩቅ ኮምፒዩተር ላይ በራሱ ይቀመጣል ብለው ይተማመናሉ። መረብ በሌለበት በረሃ የተያዘ ነጥብ ግን ስልኩ መረብ እስኪያገኝ ድረስ የሚኖረው በዚያው ስልክ ብቻ ነው። ለዚህ ጊዜ የሚበልጥ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም፤ ማታ በሰፈር ቍጥሩንና ስሙን በደብተር መገልበጥ፣ ደብተሩንም ስልኩን ለያዘው ሳይሆን ለሌላ ሰው መስጠት ነው።

በብዙ ቤት ደግሞ ዳተማቸው ያልተጻፈ የአሮጌ አደን ደብተሮች አሉ። እነዚህ እንደ ጠፉ መቈጠር የለባቸውም። በደብተሩ ውስጥ ዛሬም በቦታው ያለ አንድ ነገር፣ ድልድይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም የወንዞች መገናኛ ከተገኘ፣ እዚያ ቆሞ የዛሬውን ቍጥር ማንበብ ነው። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ መቶ፣ ወደ ሰሜን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሆነ ደብተሩ በአዲንዳን የተጻፈ ነው። እንዲህ ያለውን ፍተሻ በሁለትና በሦስት ነጥብ ደግሞ ማድረግ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው እጅና በዚያው ጊዜ የተጻፉት የቀሩት ሁሉ በአንድነት ሊስተካከሉ ይችላሉ።