የሰማ ላልሰማ

የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ ማድረስና የሕዝብን ቃል ለመንግሥት መመለስ ዛሬ «ሕዝብ ግንኙነት» በሚል ስም ይጠራል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው መንግሥት ከሚባለው ነገር ጋራ አብሮ የተወለደ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለጥቂት ወራት ሲለማመዱ፣ በክረምቱም በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲጠግኑና ችግኝ ሲተክሉ እናያቸዋለን። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ያያቸዋል፤ አንዱን የጽሕፈት ሥራ፣ ሌላውን የጉልበት ዕርዳታ አድርጎ ይገምታቸዋል። የአገራችንን የቅርብ ታሪክ ለተመለከተ ሰው ግን፣ በተለይም በወሎ የሆነውን ላስተዋለ፣ ሁለቱ ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት፣ ውርጌሳን ያገኛታል። ውርጌሳ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው ዋና ጎዳና የሚያልፍባት የገበያ ከተማ ናት። በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ብዙ አይነሣም። ነገር ግን በሰሜኑና በመሐል አገር መካከል ከተላለፈው ነገር፣ ጦርም ቢሆን እህልም ቢሆን ወሬም ቢሆን፣ ብዙው በዚህ መስመር ያለፈ ስለሆነ፣ የቃልን ጉዞ ለሚመረምር ሰው ከዚያች ከተማ ጎዳና ዳር መቆም ይበቃዋል።

በስተደቡብ ያለችው ጎረቤቷ ውጫሌ ለዚህ ነገር የመጀመሪያዋ ምስክር ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለመነጋገር የኢጣልያን መንግሥት አጋዥነት ቢፈልጉ የሚቻላቸው ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። አንድ ግሥ ጠምዝዞ በማስተላለፍ የአንድን አገር ነጻነት ለመውሰድ የተሞከረበት ነው። የዚያም ፍጻሜ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ታየ።

ለዚሁ ጦርነት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋው ሠራዊት እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ አዘዙ። አዋጁ በየገበያው ነጋሪት እየተጎሰመ ተነገረ፤ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ እንደ ልማዱ ታዘዘ። ሠራዊቱም በቀጠሮው ተሰበሰበ። ጋዜጣና ሬዲዮ በሌለበት አገር የንጉሥ ቃል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወር ከጥቂት ቀን በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሕዝብን ከየቀዬው አንቀሳቀሰ ማለት ነው። አንባቢ ወረኢሉ የምትባለውን ስም በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ ወዲህ ቃል ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ እየሰፋ ሄደ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር አንዱ ሆነ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ፤ ሬዲዮ በጠላት ወረራ ዋዜማ በ1928 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከነጻነት በኋላም አዲስ ዘመን በግንቦት 1933 ዓ.ም.፣ ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። የሕግ ማስታወቂያው ጋዜጣ ስሙን ከጥንቱ ከበሮ መውረሱ የሚያስደስት ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ቃል ግን ያው የጥንቱ አቤቱታና ደጅ ጥናት እንደ ሆነ ቀረ።

በ1957 ዓ.ም. አንድ አዲስ ነገር ተጀመረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን ደንብ በሥራ ላይ አዋለ፤ ይኸውም አንድ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርዶ ሕዝብን እንዲያገለግል የሚያዝ ነው። አብዛኞቹ በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆኑ፤ ሌሎቹም በሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተመደቡ። ከዚያ በፊት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ባላገር ገብተው ሲያስተምሩ የራሳችን ተማሪዎች አዲስ አበባ መቅረታቸው ለብዙ ሰው ሳያስገርም አልቀረም። የአገልግሎቱ ደንብ የተማሪውን ዕውቀት ለሕዝብ ለማካፈል የታሰበ ነበር። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምናልባት ያላሰቡት ነገር፣ ተማሪው ሲመለስ የጭሰኛውን ኑሮ፣ የዳኛውንና የመልከኛውን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ መመለሱ ነው። በሰነድ ያልተጻፈ የሕዝብ ግንኙነት ልምምድ ይህ ነበር።

የዚህን ጥቅም ለመመዘን በዚያው ዘመን የመንግሥቱ መደበኛ መንገድ እንዴት እንደ ሠራ ማየት ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረኀብ ባደረጉት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በ1958 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በገባ ጊዜ የወረኢሉ ፖሊስ ያየውን ጽፎ ላከ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ግን 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱም አንድ ነገር እንዲደረግ ሲያዝዙ፣ ሚኒስቴሩ ከወሎ የጠየቀው በረኀብ የሞቱትን ሰዎች የስም ዝርዝር ነበር። አዋጅ በበቅሎና በእግር ወደ ወረኢሉ ለመድረስ ከአንድ ወር እምብዛም አልበለጠበትም፤ የወረኢሉ ቃል በስልክና በአውሮፕላን ዘመን፣ እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለመሻገር ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። ይህን ያህል የሚናገር ሌላ ቁጥር እኔ አላውቅም።

ሰባት ዓመት አለፈና የባሰው መጣ። በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴር ያስጠናው የሰብል ሁኔታ ከባድ ጉድለት እንዳለ አመለከተ፤ ለሕዝብ ግን አልተገለጸም። በዚያ ዓመት በደሴና በወልድያ መካከል ባለው ጎዳና፣ ማለትም በውርጌሳና በመርሳ በኩል፣ የተራበው ሕዝብ ከየተራራውና ከየቆላው ወርዶ ከመንገድ ዳር ቆመ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምጽዋት ለመነ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ እህል በዚያው ጎዳና ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የሞቱት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታሉ።

መደበኛው ነጋሪ ዝም ባለበት በዚህ ጊዜ ወሬውን ወደ ላይ ያመጡት በሥራቸው ዜና አቅራቢ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ለዩኒቨርሲቲውም ሰው አሳዩ። ተማሪዎችም ገንዘብ አሰባስበው ለመርዳት ተነሡ። ከዚያ በኋላ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በለንደን ታየና ዓለም ሁሉ ሰማ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋራ ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በአንደኛው ዓመት ለሕዝብ እንዳይታይ የተደረገው ነገር በሌላው ዓመት ለሥልጣን መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። ከመንገዱ ዳር ለወደቀው ሰው ግን ዝምታውም ጩኸቱም አልደረሰለትም።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. «የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ለገበሬው አንብበው ያስረዱት፣ የገበሬ ማኅበራትንም ያደራጁት አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ፊደል አስተማሩ፤ መጸዳጃ ቆፈሩ፤ ትምህርት ቤት ሠሩ። በአንድ እጁ አዋጅ በሌላው እጁ አካፋ የያዘ ነጋሪ በአገራችን ሲታይ በዚህ ስፋት የመጀመሪያው ይመስለኛል። ገበሬውም ሰምቶ ብቻ አልቀረም፤ ጠየቀ፤ ተከራከረ። ይሁን እንጂ ዘማቹ ከገጠር የሰማውን ሲመልስ ደርግ ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረም፤ ጠቡ እየበረታ ሄዶ ከዘመቻው ጥለው የወጡ ብዙ ናቸው፤ በባለርስቶች እጅ የሞቱም አሉ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዚህ ይልቅ ሰላማዊ ነበር፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል።

እንግዲህ ዛሬ ወደ መሥሪያ ቤቶች ለሚመጡት ተለማማጆች ስንመለስ፣ የምንሰጣቸው ሥራ ምንድን ነው? እኔ ያየሁትን ብናገር፣ የስብሰባ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የመግለጫ ጽሑፍ መተየብ፣ በማኅበራዊ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። በክረምቱ አገልግሎት ቀን ደግሞ ተለማማጁ የሽማግሌውን ጣሪያ ሲከድን ካሜራው እርሱን ያነሣዋል። ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ውሃ፣ ወይም ለወራት መልስ ስላጣበት ማመልከቻ የነገረውን ግን የሚጠይቀው የለም። የልምምድ ጊዜውን ሲጨርስ የሚሞላው ቅጽ በሰዓቱ መግባቱን፣ አለባበሱንና ትሕትናውን የሚመዝን ሰንጠረዥ አለው። «ከሕዝብ ምን ሰማህ? ለማንስ ነገርህ?» የሚል መስመር ቢጨመርበት ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ነው፤ ለመልሱም ቀን ቢቆረጥለት መልካም ነው፣ ከ302 ቀን ያነሰ።