ስሙ አለ፣ ጨዋታው የለም

ቼዝ የምትወዱ ተማሪዎቼ፣ ሰሌዳውን ከዳር እዳር የምትጠርገው ንግሥት ድሮ በፋርስ የንጉሥ አማካሪ ነበረች! በእኛ ሰንጠረዥ "ፈርዝ" ይባላል፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። "ፊል" በዐረብኛ ዝሆን ነው፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለሁለቱም ጉልበት ጨመሩላቸው፤ በእንግሊዝኛ ንግሥትና ጳጳስ ይባላሉ።

እኛ ግን የድሮውን አካሄድ አቆየን። በዚያ ላይ ወረራ አለን፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም ባንዴ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ።

ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል ቼዝ ማለታችን ሆኗል። ፊልን በጳጳስ መተካት ይቻላል፤ ለወረራ ግን ቼዝ ውስጥ ምትክ የለውም። ሰፈራችሁ ወረራ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ፣ ሰሌዳ ይዛችሁ ሂዱና "አባባ፣ ያስተምሩን" በሉ። ጠጠሮቹ ያው ናቸው።