በብር ላይ የተደረበ ማኅተም፦ ከፓርቲያ ድራክማ እስከ ዋግ ጠገራ ብር

ስለ ዘካ የሚያስተምር ኢማም ሁሉ ሁለት ቁጥሮችን በቃሉ ይይዛል፤ የወርቅ ኒሷብ 20 ዲናር፣ የብር ኒሷብ 200 ዲርሀም። ተማሪው «ዲርሀም ምንድን ነው? በእኛ አገርስ በምን ይመዘናል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ከፊቅህ ኪታብ አልፎ ወደ ታሪክ ይወስደናል። በዚህ ጥናት የዲርሀምን ሐረግ ከጥንታዊት ፋርስ ጀምረን እንከተላለን፤ ከዚያም በዋግ ኽምራ ደጋ ሲዘዋወር ከኖረው ጠገራ ብር ጋር እናነጻጽረዋለን።

ፓርቲያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 224 እ.ኤ.አ. የገዙ ሲሆን፣ የገንዘባቸው መሠረት 4 ግራም ገደማ የሚመዝን ድራክማ የተባለ ብር ነበር። ሳንቲም የሚሠራው ጥፍጥፉን ብር በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል አኑሮ በመዶሻ በመምታት ነው። ንጉሥ በንጉሥ ላይ ሲነሣ ግን አዲስ ብር ለማቅለጥ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የተቀናቃኙን ሳንቲም ወስዶ የራስን መልክና ስም በላዩ ደርቦ መምታት የተለመደ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ20ዎቹ ዓመታት አራተኛ ፍራአቴስና ቲሪዳቴስ ለዙፋኑ ሲታገሉ፣ በጤግሮስ ዳር ባለችው ሴሌውቅያ ከተማ የአንዱ ብር በሌላው ማኅተም ተመትቷል።

ድርቡ የታችኛውን ጽሑፍ ፈጽሞ አያጠፋም። ተፍቆ እንደገና እንደተጻፈበት ብራና ሁሉ፣ የቀድሞው ንጉሥ አፍንጫ ወይም የስሙ ፊደል ከሥር ብቅ ይላል። የላይኛው ማኅተም ከታችኛው በኋላ የመጣ መሆኑ የማያጠራጥር በመሆኑ፣ የታሪክ ጸሐፊ ያልመዘገበውን ቅደም ተከተል ብሩ ራሱ ይመሰክራል። የሴሌውቅያ ታላላቅ ብሮች ዓመተ ምሕረትና ወር ጭምር ስለሚይዙ ምስክርነታቸው ይበልጥ ይጠነክራል።

ፓርቲያውያንን የተኩት ሳሳናውያን የድራክማውን ሥርዐት ወረሱ፤ ስሙም በፋርስኛ በኩል ወደ ዐረብኛ ገብቶ «ዲርሀም» ሆነ። በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 20 የተጠቀሰው «ደራሂም» ይኸው ቃል በብዙ ቁጥር ነው። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የመካ ነጋዴዎች የሚገበያዩት በሳሳናውያን ብርና በሩም ወርቅ ነበር።

ፋርስ በሙስሊሞች እጅ ከገባች በኋላ የሆነው ትኩረት የሚሻ ነው። አዲሶቹ ገዥዎች የሕዝቡን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አልሻሩትም። ከ31 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ጀምሮ የንጉሥ የዝደጅርድን መልክ እንደያዘ፣ በጠርዙ ላይ ግን «ቢስሚላህ» የተቀረጸበት ብር መውጣት ጀመረ። ይህ ከፓርቲያውያኑ ድርብ ምት ይለያል፤ ጽሑፉ የተጨመረው በአሮጌ ሳንቲም ላይ ሳይሆን በማኅተሙ ቅርጽ ውስጥ ነው። በ66 ሂጅራ በቢሻፑር በተመታ ብር ላይ የነቢዩ ስም ታየ። በመጨረሻም ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን በ77 ሂጅራ ዲናሩን፣ በ79 ሂጅራ ገደማ ዲርሀሙን ከምስል አጽድተው በጽሑፍ ብቻ አወጡ። የኡመውያና የዐባሲያ ሳንቲሞች በትግራይ ደብረ ዳሞ መገኘታቸው ይህ ገንዘብ እስከ አገራችን መድረሱን ያሳያል።

የዐብዱልመሊክ ዲናር 4.25 ግራም ይመዝናል፤ 10 ዲርሀም በ7 ዲናር ክብደት ስለሚታሰብ አንዱ ዲርሀም 2.975 ግራም ይሆናል። 200 ዲርሀም 595 ግራም ብር ነው የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ ከአፋር ረባዳ በሚመጣው አሞሌ ጨው ገበያ የታወቀች ናት። ከሰሃላ ቆላ እስከ ላስታ ተራሮች ባለው አገር ከአሞሌው ጎን የሚዘዋወረው ጠገራ ብር፣ ማለትም የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው በፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ቢሆንም፣ ብዙ ገበያተኛ የለመደውን የንግሥቲቱን መልክ መረጠ፤ የደረቷን ጌጥ ነጥብ እየቆጠረም እውነተኛነቱን ይመረምር ነበር። የፓርቲያው ንጉሥ በመዶሻ ያደረገውን ማኅተም የሚያጸናው የሕዝብ አመኔታ መሆኑን የሰሜን ገበያዎቻችን አስረድተዋል።

አሁን የተማሪውን ጥያቄ እንመልስ። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.39 ግራም ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የሚታሰበው ንጹሑ ብር ብቻ በመሆኑ ኒሷቡ በ26 ጠገራ ይሞላል፤ 25ቱ 584.75 ግራም ብቻ ነውና አይበቃም። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ብሩ ከቅይጡ ከበዛ ሁሉም እንደ ብር ስለሚቆጠር 22 ጠገራ ኒሷብ ይሞላል። የሁለቱ መዝሀቦች ልዩነት የ4 ጠገራ ልዩነት ሆኖ በነጋዴው ከረጢት ውስጥ ይታያል ማለት ነው። ዲርሀምና ኒሷብ የሩቅ አገር ቃላት መስለው ለሚታዩት ደረሳ ከዚህ የቀረበ ማስተማሪያ አይገኝም።

ጠገራ ብር ከገበያ ከወጣ ወዲህ ብዙው ቀልጦ የአንገትና የእጅ ጌጥ ሆኗል። የቀለጠ ብር ደግሞ እንደ ተደራቢው የቀድሞ ጽሑፉን አያሳይም፤ ምስክርነቱ አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ መምህራንና ኢማሞች በምእመናን እጅ የሚገኝ አሮጌ ብር ለዘካም ሆነ ለውርስ ሲቀርብላቸው፣ ከመመዘናቸው በፊት ጽሑፉን ያንብቡ፤ ዓመቱን፣ ክብደቱን፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይመዝግቡ። ሐቅን ለባለሐቁ ማድረስና የአገርን ታሪክ መጠበቅ በአንድ ሚዛን ላይ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ወላሁ አዕለም።