የአደባባይ ንግግርና የቴአትራችን አመጣጥ

ስለ ኢትዮጵያ ቴአትር አመጣጥ የሚጽፍ ሰው በልማድ ከደራሲዎችና ከድርሰቶቻቸው ይጀምራል። ማን ጻፈው፤ መቼ ታየ፤ የት ታየ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ቴአትር ያለ ተሰብሳቢ ሕዝብ የማይቆም ጥበብ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡ ለምን እንደ ተሰበሰበ፤ ከትርኢቱ በፊትና በኋላ ምን እንደ ተነገረው፤ እርሱስ በበኩሉ ለመመለስ ዕድል አግኝቶ እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ነገር ይህ ነው፤ በአገራችን ቴአትር ሥር የሰደደው ከአደባባይ ንግግርና ከዘፈን ጋራ ተያይዞ በመጣ ጊዜ ነው። ይኸው መያያዝ ግን ሕይወት እንደ ሰጠው ሁሉ ጌታም አበጅቶለታል።

አስቀድመን የሕዝቡን ልማድ እንመልከት። በቀድሞው ሥርዓት ዝም ብሎ የሚያይ ተመልካች እምብዛም አይገኝም ነበር። በችሎት ፊት ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በምሳሌና በግጥም ጭምር ሲከራከሩ፥ ዙሪያውን የቆመው ሰው አንደበተ ርቱዑን እያደነቀ፥ አንደበቱ የታሰረውን እየታዘበ ነገሩን በልቡ ይመዝን ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲዘፍን ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱም የተቀበለውን በዜማ ይመልሰዋል። በለቅሶ ላይ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሐዘንተኛው ይቀበላታል። ፉከራና ቀረርቶም የሰሚውን ልብ ቀስቅሶ በተራው ብድግ እስኪያደርገው ድረስ ይዘልቃል። እንግዲህ እንዲህ ባለው ሕዝብ ዘንድ ንግግር፥ ዜማና ትርኢት እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚቆሙ ነገሮች አልነበሩም፤ ሰሚውም ባዕድ ሆኖ ከዳር የሚቀመጥ አልነበረም።

ቴአትር በአውሮፓ መልክ ወደ አዲስ አበባ የገባው ግን ከዚህ ልማድ ርቆ ነው። በሩሲያ ያደጉትና የተማሩት፥ ኋላም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን በ1913 ዓ.ም. ገደማ በቴራስ ሆቴል አሳዩ። ድርሰቱ እንደ ላ ፎንቴን ተረቶች አውሬዎችን እያናገረ የጊዜውን አስተዳደር ጉድለትና የሹማምንቱን ምግባር የሚነቅፍ ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንትና የከተማው ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ነቀፋው ስለ ተሰማ ንግሥት ዘውዲቱ ትርኢቱን አገዱት፤ ከዚያም በኋላ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል፥ እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ፥ መድረኩ ጸጥ አለ።

የእገዳው ምክንያት ነቀፋው መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሌላ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ያ ትርኢት የታየው ለተጠሩ እንግዶች ብቻ ነበር። ከሆቴሉ ውጭ ያለው ሕዝብ ስለ አውሬዎቹ አልሰማም፤ ስላልሰማም ቀርቶብኛል ብሎ ሊያዝን አልቻለም። ድርሰቱ ለሹማምንቱ እውነቱን ተናገረ፤ ነገር ግን ከኋላው የሚቆምለት ጉባኤ አልነበረውም።

ከ1923 ዓ.ም. በኋላ ቴአትር እንደገና የተነሣው በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ጎጃም ውስጥ በደብረ ኤልያስ ያደጉ የቅኔ ሰው በመሆናቸው፥ ለተማሪዎች የጻፏቸው ትርኢቶች በግጥምና በዜማ የተሞሉ፥ በሰምና ወርቅ የሚናገሩ ነበሩ፤ «ምስክር» እና «የሆድ አምላኩ ቅጣት» የተባሉት ከእነዚያ መካከል ናቸው። በእርሳቸው እጅ የባዕዱ መድረክ የአገሩን አንደበት መልበስ ጀመረ። ሆኖም ተመልካቹ ገና ከቤተ መንግሥትና ከትምህርት ቤት አካባቢ አልራቀም ነበር።

ነገሩን የለወጠው የጦርነት ሥጋት ነው። በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር መዘጋጀቷ እየታወቀ ሄደ። ነገር ግን ይህን ዜና ለሕዝቡ የሚያደርስ መንገድ ጠባብ ነበር። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የሚደርሰው ማንበብ ለሚችሉት ነው፤ ራዲዮም ከጥቂቶች በቀር በሰው ቤት አልነበረም። በዚህ ጊዜ፥ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፥ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የአገር ፍቅር ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ሕዝቡን እየሰበሰበ ስለ ነጻነት፥ ስለ አንድነትና ስለሚመጣው ጠላት ንግግር ያሰማ ጀመር። ንግግሩም ደረቅ እንዳይሆን መዝሙር፥ ፉከራና ቀረርቶ ይከተለው ነበር፤ ለዚህም የዮፍታሔ ንጉሤ ብዕር ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል።

የቦታው ምርጫ ራሱ አንድ ንግግር ነበር። በአደባባዩ የቆመው የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀ ሲሆን፥ አጠገቡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ስለ ዐድዋ ብዙ መናገር አላስፈለገም፤ ሰሚው ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። በዚያው ዘመን የፋቡላ ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ይከራከሩ ነበር። አንዱ ንግግር ለዓለም መንግሥታት፥ ሌላው ለባላገርና ለከተሜ ይቀርብ ነበር፤ ጉዳዩ ግን አንድ ነበር።

ከዚህ ላይ ለታሪካችን ዋና የሆነው ነገር ይታያል። በሌላው ዓለም ትርኢት ይዘጋጅና ንግግር ይታከልለታል። በእኛ ዘንድ ግን ጉባኤው ቀደመ፤ ዘፈንና ትርኢት ጉባኤውን ለማሞቅ መጣ፤ ኋላም አድጎ ራሱን ቻለ። ዛሬ በፒያሳ የምናውቀው የአገር ፍቅር ቴአትር የተጀመረው አዳራሽም መጋረጃም ሳይኖረው፥ በአደባባይ ንግግር ነው።

በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ። ማኅበሩ ተበተነ፤ የምኒልክም ሐውልት ከቦታው ተነሣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ ትእዛዝ ሰጠ፤ ምክንያቱም የአገዛዙን መውደቅ ለሕዝቡ የሚያወሩ ናቸው የሚል ነበር። መሰንቆ እንጂ ጠመንጃ ያልያዘን ሰው የሚፈራ ገዢ የአደባባይ ቃል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ሳይወድ መሰከረ ማለት ነው።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ማኅበሩ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ተቋቋመ። አዝማሪዎች ከየጠቅላይ ግዛቱ መጡ፤ ቀድሞ በየጠጅ ቤቱና በየሰርጉ የነበረው ዘፈን በመድረክ ላይ ከቴአትር ጋራ ተቀመጠ። ቀድሞ የሴቱን ቦታ ወንድ ይጫወት በነበረበት መድረክ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ብቅ አሉ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ንግግሩ አልጠፋም፤ ወደ ድርሰቱ ውስጥ ገባ እንጂ። የዚያን ዘመን ተዋናይ ረጅም የምክር ቃል በግጥም ሲያወርድ ባለንጀራውን ትቶ ወደ ሕዝቡ ፊቱን የሚያዞረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይህን እንደ ድርሰት ጉድለት ብቻ የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ግን የአደባባዩን ጉባኤ አሻራ አየዋለሁ። በ1948 ዓ.ም. በኢዮቤልዩው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት፥ መድረኩ ታላቅ አዳራሽ አገኘ፤ ከአደባባዩ ግን አንድ እርምጃ ራቀ።

ጌታም አበጅቶለታል ያልሁት ነገር ይህን ይመለከታል። የ1913ቱ መድረክ ሹማምንትን የነቀፈ ነበር፤ ሕዝብ ግን አልነበረውም። የ1927ቱ አደባባይ ሕዝብ ነበረው፤ የሚናገረው ግን መንግሥቱ የሚወደውን ነበር። በዚያ በጭንቅ ጊዜ የመንግሥቱና የሕዝቡ ጉዳይ አንድ ስለ ነበረ ልዩነቱ አልታየም። ጭንቁ ካለፈ በኋላ ግን ልማዱ ቀረ፤ መድረኩ ከላይ የተሰጠውን ቃል ወደ ታች ማድረስ እንደ ተፈጥሮ ግዴታው ተቆጠረ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፥ ዘፈኑም ትርኢቱም ከስብሰባና ከንግግር ጋራ እንደገና ተያያዘ። ቅርጹ የ1927ቱን ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ስብሰባው የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ተጠርቶ እንጂ ፈልጎ አልነበረም። በሁለቱ ጉባኤዎች መካከል ያለው ልዩነት በመድረኩ ላይ ሳይሆን በሰሚው ወገን ይገኛል።

ስለዚህ ከቴአትር ጋራ ንግግርና ውይይት ማዘጋጀት መልካም ነውን፤ ወይስ ጥበቡን ያበላሻል ተብሎ ሲጠየቅ፥ መልሱ ከዚህ ታሪክ ይወጣል። ያለ ጉባኤ የመጣው ቴአትር በአንድ ትእዛዝ ጸጥ አለ። ከጉባኤ ጋራ የመጣው ጦርነትና ስደትን አልፎ እስከ ዛሬ ቆመ። ነገር ግን አንዱ ብቻ የሚናገርበት ጉባኤ መድረኩን ለባለ ሥልጣን አሳልፎ ይሰጠዋል። የቀደሙት ሰዎች ለዚህ መድኃኒቱን ያውቁ ነበር፤ በችሎቱ ተከሳሹ ተራ ነበረው፤ በአዝማሪውም ፊት ሰሚው ስንኝ መስጠት ይችል ነበር። ዛሬም ከትርኢት በፊት ወይም በኋላ ሕዝብን የሚሰበስቡ ሰዎች ተናጋሪውን ከመምረጣቸው አስቀድመው «ተቀበል» የሚለው ሰው ቦታ የት እንደ ሆነ ቢያስቡ፥ የምኒልክ አደባባይ ጉባኤ የጀመረውን ሥራ ወደ ፍጻሜው ያደርሱታል።