ጣዖታት በውኃ ስለ ሰጠሙበት ዘመንና ስለ ማርዛና ሥርዓት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ965 ዓመት በዛሬይቱ ፖላንድ የነበሩት የፖላኖች መስፍን ሚየሽኮ የቼኩን መስፍን የቦሌስላቭን ልጅ ዶብራቫን አገባ። እርሱ በአባቶቹ አምልኮ የሚኖር ነበረ፤ እርስዋ ግን ክርስቲያን ነበረች። የመርዘቡርጉ ጳጳስ ቲትማር እንደ ጻፈው፣ ባልዋን ወደ ሃይማኖትዋ ለመሳብ ስትል በዐቢይ ጾም ሥጋ በላች፤ ጳጳሱም በጎ አስባ ነው ብሎ አልፈረደባትም። በ966ም ሚየሽኮ ተጠመቀ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የጻፈልን ያን ድውጎሽ ነው። እርሱም የክራኮቭ ካቴድራል ካህንና የንጉሥ ካዚሚየሽ ልጆች መምህር ነበረ። መስፍኑ ቀን ቆርጦ ጣዖታት ሁሉ ተሰብረው በውኃ እንዲሰጥሙ አዘዘ ይላል። የጻፈው ግን ከ500 ዓመት በኋላ ነውና ቃሉ የዓይን ምስክር ቃል አይደለም። በራሱ ዘመን የነበረውን ሲናገር ግን እናምነዋለን፦ በአንዳንድ መንደሮች በጾሙ አራተኛ እሑድ ሰዎች የማርዛናን ምስል በረጅም እንጨት ተሸክመው ወደ ረግረግ ይጥሉ ነበር።

ማርዛና የክረምትና የሞት ምስል ናት። ከገለባ ትሠራለች፤ የሴት ልብስ ትለብሳለች፤ ጨሌና ጥብጣብ ይደረግላታል። በየቤቱ ደጅ ካዞሯት በኋላ እሳት ይለኩሱባትና ውኃ ውስጥ ይጥሏታል። ከዚያ ወዲያ የሚነካት የለም፤ ሲመለሱም ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ የለም፤ ዞሮ ያየ ይታመማል ይባላልና። ክረምቱን እንዲህ ካወጡ በኋላ ልጃገረዶች ያጌጠ ለምለም ቅርንጫፍ ይዘው እየዘመሩ ወደ መንደር ይገባሉ።

በ1420 የፖዝናን ሲኖዶስ ይህን ሥርዓት ከለከለ፤ ካህናትም እንዳይፈቅዱት አዘዘ። ድውጎሽ ግን ከዚያ በኋላ ሲጽፍ፣ ጳጳሳቱ የአረማውያን ነው ያሉትን ያንኑ ሥርዓት የጣዖታት መጥፋት መታሰቢያ አደረገው። ለእኔ ታላቁ ነገር ይህ ነው፤ መንደርተኛው ከሁለቱም ፍርድ ሳይጠብቅ ገለባውን ማሰሩን አላቋረጠምና። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገናኛም ቤተ ክርስቲያን በምትኩ ከፋሲካ በፊት ባለው ረቡዕ የይሁዳን ምስል ከደወል ቤት መወርወርን አስገባች፤ ይህም ማርዛናን አላስቀረም።

ዛሬ ምስሏን ይዘው የሚወጡት በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው፤ ቀኑም ከጾሙ እሑድ ወደ ማርች 21፣ ወደ ጸደይ መግቢያ፣ ተዛውሯል።